እትዬ ትርፌ የመዘኑት ጫማ

እትዬ ትርፌ ማረፋቸውን ያወቅሁት ምን እንዳመማቸው የሚነግረኝ ሰው በመጥፋቱ ነው።

ሥራዬን ጨርሼ ከሆስፒታሉ በር ስወጣ የሰፈራችን ሰው እትዬ ብርሃኔን አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከኮልፌ ድረስ እኔን ፍለጋ መጥተው አያውቁም። ገና ሰላም ሳልላቸው፣ «ትርፌን ትንሽ አሟት ነው፤ እናትሽ ነይ ብላሻለች» አሉኝ።

«ምናቸውን ነው?»

«እንዲያው ትንሽ ነው።»

«ትኩሳት አላቸው?»

«ትኩሳት… አዎ፣ አላት መሰለኝ።»

«ያስመልሳቸዋል?»

«ያስመልሳታል።»

«ተቅማጥስ?»

«እሱም አላት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ በእመቤቴ፣ ዝም ብለሽ ነይ አንቺ ልጅ!»

በእኛ አገር መርዶ «አሞት ነው» ተብሎ እንደሚጀመር የማያውቅ የለም። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ዕንባውን ያዘጋጃል። እኔ ግን የነርስነት ነገር ሆኖብኝ፣ «አሞት ነው» ሲሉኝ የማዘጋጀው ጥያቄ ነው። ምስኪን እትዬ ብርሃኔን ከበሩ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አፋጠጥኳቸው። «ታዲያ ይዛችኋቸው አትመጡም ነበር? እኔ እዚህ እያለሁ!» ብዬ ስቆጣ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አንስተው ጫማዬ ላይ ተከሉት። ያኔ ገባኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ በነጭ የሥራ ልብሴ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ብርሃኔም «አይ የእኔ ነገር፣ መርዶ እንኳ አልችልበት» እያሉ አብረውኝ አለቀሱ።

ጫማዬን ለምን እንዲያ ትኩር ብለው እንዳዩት ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። እሱን ኋላ እደርስበታለሁ።

እትዬ ትርፌ ማን ነበሩ ብትሉኝ፣ በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ ባላቸው ሲሞቱ የቆርቆሮዋን ሱቅ ብቻቸውን ይዘው ቀሩ። ልጅ አልወለዱም። አጠር ወፈር ያሉ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው የሚያብለጨልጭ ሴት ነበሩ። እሳቸው የጨበጡት ሰው ቀኑን ሙሉ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ይውላል። በአየር ጤና በኩል ከገጠር የሚመጡትን ሴቶች በኦሮምኛ ሰላም ይሉና፣ ዋጋውን በአማርኛ ይከራከሩና፣ ሲናደዱ በጉራጊኛ መቁጠር ይጀምራሉ። በጉራጊኛ ሲቆጥሩ የሰማ ገበያተኛ ሁለተኛ አይከራከራቸውም ነበር።

ከወገባቸው የማትለይ ወስፌ ነበረቻቸው። ቅቤው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያቺን ወስፌ እስከ መሐሉ ሰድደው፣ አውጥተው፣ አሽትተው ነው የሚገዙት። ከላይ ለጋውን ለብጦ ከውስጥ የከረመውን የሚደብቅ ሞልቷላ! «ላይ ላዩንማ ሁሉም ለጋ ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ ለቅቤ ብቻ አልነበረም። ለሙሽራም፣ ለዕቁብ ሰብሳቢም፣ ሰፈር ለገባ አዲስ ጎረቤትም ይሉት ነበር።

ማንኛውንም ነገር ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ አላቸው፤ ምን ይወጣበታል፣ ምን ያስገባል? ለሠርግ ሲጠሯቸው ይህንኑ ነው፤ ክርስትና ሲጠሯቸው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ለማደስ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ሽማግሌዎቹን አስቁመው የምስማሩን ዋጋ በኪሎ አስቆጠሯቸው። «ሰውን ስታታልሉ ይሁን፤ እግዜርን በምስማር ታታልሉታላችሁ?» ብለው አሳፈሯቸው። ሽማግሌዎቹ አጉረምርመው ሄዱ። በኋላ ስንሰማ ግን ከሰፈሩ ሁሉ ብዙ የሰጡት እሳቸው ነበሩ። ስማቸው ትርፌ መሆኑ ደግሞ ለሰፈሩ ቀልደኛ ሁሉ የተዘጋጀ ድግስ ነበር። እሳቸውም አይከፉም፤ «ስሜን ያወጣው አባቴ ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ወስፌዋን ብቻ» ይላሉ።

እንግዲህ የእኔ ጉዳይ ከእኚህ ሴት እጅ ላይ ነው የወደቀው።

አባቴ ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ በዘበኝነት ያረጀ ሰው ነበር። ሲሞት እናቴ ኮልፌ ገበያ ጉሊት ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች እኔንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼን ማሳደግ ያዘች። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣልኝ። አንደኛው መርካቶ አንድ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይነት ነው፤ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ደሞዝ አለው። ሁለተኛው የረዳት ነርስ ትምህርት ነው። ፈተናውን አልፌያለሁ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ምግብና መኝታ ይሰጣሉ፤ ደሞዝ ግን የለም። የአልጋ ልብስ፣ ጥቁር ጫማና ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይዘሽ ነይ ይላሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዋስ ነው። ተማሪዋ አቋርጣ ከወጣች የወጣውን ወጪ ዋሱ ይከፍላል።

እኔ ልቤ ነርስነቱ ላይ ነው። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሊሞት ሲል አንዲት ነርስ እግሩን በሙቅ ውኃ አጥባ ስትጨርስ፣ «ብዙ የቆመ እግር ነው፤ ይረፍ» ስትል ሰምቻታለሁ። ከእሷ በፊት ለአባቴ እግር ያሰበለት ሰው አላየሁም። እናቴ ግን የምታስበው ለወንድሞቼ ሆድ ነው፤ አልፈርድባትም። ዋስ ሊሆን የሚችል፣ ንግድ ፈቃድ ያለው የምናውቀው ሰው ደግሞ እትዬ ትርፌ ብቻ ናቸው። እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

እትዬ ትርፌ አንድ ትልቅ የቅቤ ድብልብል እየወጉ ሰሙን።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አሉ።

«አዎ እትዬ» አለች እናቴ።

«ያለ ደሞዝ?»

«ምግብና መኝታ ይሰጣሉ» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ምግብና መኝታማ እስር ቤትም ይሰጣል!» ወስፌዋን አሸተቱና ወደ እናቴ ዞሩ። «ሱቁስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ በወር ሠላሳ አምስት ብር ነው።»

ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። «በሁለት ዓመት ያ የሚያፈሰው ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ልጆቹም ይማራሉ፤ ለእሷም መዳሪያ አይጠፋም። ነርስነቱስ፣ ሲያልቅ ስንት ይከፍላል?»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አታውቂም?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ዋጋውን ሳታውቂ ልትገዢ ነው? ላም አለኝ በሰማይ! ደግሞስ የሰው ቁስል ለማጠብ የምን ሁለት ዓመት ነው? እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ባሌን አሥር ዓመት አጥቤዋለሁ።»

እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ። እትዬ ትርፌ ደንግጠው ቅቤውን ከሥሬ ሳቡት። «ቅቤ ላይ ዕንባ አይንጠባጠብም፤ ይበላሻል!» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ዋጋው የማይታወቅ ዕቃ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ሄዶ ማየት ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ ተዘጋጂ» አሉኝ።

በማግሥቱ ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች የሐምሌን ጭቃ ረግጠን አውቶቡስ ያዝን። ጭቃው የእኔን ጫማ ሁለት ጊዜ ነጥቆኛል። እትዬ ትርፌ ሊያዩ የሄዱ እንዳይመስሉ አንድ ቅርጫት ቅቤ ይዘዋል። ከአንድ ሆስፒታል በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ማዶ፣ ቅርጫታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ገብተን እንጠይቅ አልኳቸው።

«ማንን? ደሞዝሽ ስንት ነው ብለሽ የሰው ልጅ ትጠይቂያለሽ? ነውር ነው። ደግሞ ሰው ደሞዙን ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ያለው ይቀንሳል፣ የሌለው ይጨምራል። እግር ግን አይዋሽም። ተቀመጪና እግር እይ።»

ዝናቡ እየጣለ ተቀመጥን። ዘበኛው መጥቶ «እዚህ መሸጥ ክልክል ነው» ሲል፣ «ማን ሸጠ? ስንሸጥ አየኸን?» ብለው መለሱት። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልገዛንም። ከዚያ የሥራ ሰዓት ተለወጠና ነርሶቹ መውጣት ጀመሩ። ሁለት ሁለት እየሆኑ እየሳቁ አስፋልቱን ተሻግረው በእኛ ጎን ያልፋሉ። የሁሉም እግር ላይ ነጭ ጫማ አለ። ያውም ጠብታ ጭቃ የሌለበት!

እትዬ ትርፌ ክንዴን ጨመቁት። «የሺ፣ ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

«አንዷ ብቻ ብትሆን ባሏ ገዛላት እላለሁ። ሁሉም እኮ ነው! በሐምሌ ጭቃ ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ቤቱ መቀየሪያ አለው። መቀየሪያ ያለው ደግሞ ደሞዙ ይተርፈዋል። ኧረ ይኼ ሙያ ቀላል አይደለም!»

ልንገራችሁ፣ እኔም አመንኩ። እሳቸው የመዘኑትን ነገር ኮልፌ ውስጥ መልሶ የሚመዝን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ዋስ ሊሆኑልኝ ነርስ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ቀረቡ። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ልጅዎ ናት?» አላቸው።

«አይደለችም።»

«ዘመድዎ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንዎ ናት?»

«ንግዴ ናት» አሉና አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ወረቀቱ ላይ የቅቤ ወዝ ቀረ፤ ጸሐፊው አኮረፈ። ስንወጣ ጆሮዬን ይዘው፣ «ብታቋርጪ የምትበዪው የእኔን ቅቤ ነው። ሱቄን ነው ያስያዝኩት። ሰማሽ?» አሉኝ። ሰዓቱንም የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ምን ያደርግልሻል ሲሉኝ፣ የሰው ልብ ምት ይቆጠርበታል አልኳቸው። «ልብ ይቆጠራል እንዴ? እስቲ የእኔን ቁጠሪ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በቅቤ ስለሚያሟልጭ ምቱ ያለበትን ለማግኘት ብዙ ታገልኩ። በሕይወቴ መጀመሪያ የቆጠርኩት ልብ የእሳቸው ነው። የመጨረሻዋን ምት ያለመቁጠሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትምህርቱን ወደድኩት፤ ቤቴ ግን እየከፋ ሄደ። በሚቀጥለው ክረምት እናቴን ቁርጥማት ያዛት። ዝናብ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። የጉሊት ቦታዋንም ሌላ ሴት ያዘችባት። ወንድሞቼ ትምህርት አቋረጡ። ጨርቅ ሱቁ ደግሞ «ያቺ ልጅ ሐሳቧን ከለወጠች ትምጣ» ብሎ ላከ። አንድ እሑድ ልብሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁና በቀጥታ እትዬ ትርፌ ሱቅ ሄድኩ። እናቴ ሳትሰማ ለዋሴ መንገር አለብኝ ብዬ ነው። ዕዳቸውን ከሱቁ ደሞዝ ቀስ እያልኩ እንደምከፍላቸው፣ የእናቴ ነገር እንቅልፍ እንደነሳኝ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«መሄዱንስ ትሄጃለሽ። መጀመሪያ ይህችን እይልኝ።»

ቀኝ እጃቸው በሻሽ ተጠቅልሏል። ስፈታው አፍንጫዬን ያዝኩ። ከሳምንት በፊት ቅቤ ሲያነጥሩ ፈልቶ ክንዳቸው ላይ ፈስሷል። እሳቸው ደግሞ በላዩ ላይ ያንኑ ቅቤ ከአመድ ጋር ለውሰው ለጥፈውበታል! ሥሩ መግል ይዟል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? በቅቤ የተቃጠለን በቅቤ? ሳምንት ሙሉ ዝም ብለው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋጤዬ ይሁን ቁጣዬ አላውቅም፣ እናቴን ጠርቼ ውኃ አስፈላሁ፤ ጨው ጨመርኩ፤ የለጠፉትን ሁሉ አርስሼ አነሳሁ። የሞተውን ቆዳ ስቆርጥ «አይዞዎት» እላለሁ። እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኹም። በጉራጊኛ ብቻ መቁጠር ጀመሩ። እኔም ከገበያተኞቹ ባልተናነሰ ፈራሁ።

ስጨርስ የታሰረውን ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት። «ይህን በአንድ ዓመት ነው ያስተማሩሽ?»

«አዎ።»

«የቀረው አንድ ዓመት ምን ያስተምራሉ?»

«ገና ብዙ ነገር አለ።»

«እንግዲህ ግማሽ የተነጠረ ቅቤ ማን ይገዛል?» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ልብሴን እንደጠቀለልኩ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። በየእረፍቴ ቀን እየመጣሁ ቁስሉን አጠብኩ፤ በመካከሉ እናቴ በእኔ ትእዛዝ ጨርቅ እየቀቀለች አሰረችላቸው። አዲሱ ቆዳ ሲመጣ የመልቀቅ ነገር ከአፌ ጠፍቶ ነበር። እናቴንም እትዬ ትርፌ ከዝናቡ አንስተው የሱቃቸው በረንዳ ላይ አስቀመጧት። ኪራይ ስትላቸው፣ «የምን ኪራይ? ሽንኩርት የገዛ ቅቤም ይገዛል፤ ለራሴ ብዬ ነው» ብለው አባረሯት። ሽንኩርቷ ከመጣች በኋላ ቅቤያቸው ሲጨምር ያየ ሰው የለም። ወንድሞቼ ግን ትምህርት ቤት ተመለሱ።

ተመረቅኩ። ሆስፒታሉ ተቀጠርኩ። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠርተው አስፈርመው አዲስ ነጭ ጫማ ሰጡኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! በጭቃው እንዳይበላሽ በጋዜጣ ጠቅልዬ ኮልፌ ድረስ ወሰድኩና፣ እሳቸው በር ላይ ደርሼ አደረግኩት።

«እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ!» ብለው ዕልል አሉ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ስንት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም፤ መንግሥት ነው የሰጠኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ለሁላችንም ያድለናል።»

ቀና አሉ። «ለሁላችሁም?»

«ለአለቃችንም ለእኔም ያው ነው።»

«መቀየሪያውስ?»

«መቀየሪያ የለም። ካለቀ እስከ ዓመት መጠበቅ ነው።»

«እነዚያ ያየናቸውስ? ያ ሁሉ ጭቃ እያለ?»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ የሚሻገሩት አስፋልቱን ብቻ ነው። መኖሪያቸው ፊት ለፊት ነው።»

ደሞዜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከሱቁ የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ ያለ ደሞዝ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ለመመለስ ብዙ ዓመት ያስፈልገኛል። ጣታቸውን አጠፉ፤ መልሰው ዘረጉ። ከዚያ ጣሳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ወይ ትርፌ! ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ስወጋ ኖሬ፣ ወስፌ ሳልሰድ ገዛሁ! ላይ ላዩን አይቼ! የሺ፣ ለካ ሱቁ ይሻልሽ ነበር!»

አብሬ ሳቅኩ፤ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ግን ሆዴ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ተለወጠ። ከሩቅ ሲያዩኝ «ኪሳራዬ መጣች!» ይላሉ። ልጁ ያተኮሰበት፣ ምስማር የወጋው፣ መርፌ የታዘዘለት ሰው ሲያልፍ ካዩ፣ «ኑ ኑ፣ ኪሳራዬ ታያችኋለች» ብለው በረንዳቸው ላይ ደርድረው ያቆዩልኛል። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ወረፋ ይጠብቀኛል። ከጎረቤት ሳንቲም እንዳልቀበል ከልክለዋል። በሽተኛው ግን ከእናቴ ሽንኩርት ሳይገዛ ከበረንዳው አይወርድም።

አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን፣ «እትዬ፣ እውነት ከስረውብኛል?» አልኳቸው። ሳልቀልድ ነው የጠየቅኩት። ሱቃቸውን ያስያዙት በእኔ ነው፤ ለእኔ ብለው ዝናብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እውነቱን ማወቅ ፈለግኩ። ወስፌያቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ «ሂሳቡ ገና አልተዘጋም» አሉኝ። ዓመታት አለፉ፤ ዳግም አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከዚያ ልባቸው በድንገት ቀጥ አለና፣ እትዬ ብርሃኔ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ለቅሶው ላይ ኮልፌ ገበያ ሙሉ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። የገጠሮቹ ቅቤ ሻጮች በኦሮምኛ ያለቅሳሉ፤ ዘመዶቻቸው በጉራጊኛ፤ እኛ በአማርኛ። እኔ ከእናቴ ጎን ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣት ነርሶች ከነነጭ ልብሳቸው ገብተው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። በመልክ አውቃቸዋለሁ። አንዷ ከገበያው ጀርባ የሸማኔው ልጅ ናት፤ ሌላዋ የአህያ ጫኙ ልጅ ናት። ልቅሶው ረገብ ሲል እትዬ ትርፌን በምን እንደሚያውቋቸው ጠየቅኳቸው።

«ዋሴ እኮ ናቸው» አለች የሸማኔው ልጅ።

«የእኔም» አለች ሌላዋ። «አባቴ በጄ አላለም ነበር። ቅቤ ይዘው ሆስፒታሉ በር ላይ ወስደው አስቀመጡት። ጫማ አሳዩት።»

«ምን አሳዩት?» አልኩ።

«ጫማ። በሐምሌ ጭቃ ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ቤቱ መቀየሪያ አለው አሉት። በዚያው አመነ።»

መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። የሁለተኛዋም ከዚያ ወዲህ ነው። ማለትም ጫማው የመንግሥት መሆኑን፣ መቀየሪያም እንደሌለን፣ ደሞዛችንንም ከአፌ ከሰሙ በኋላ ነው! ያን ጊዜ እስከ መሐሉ ወግተው ያዩትን ዕቃ፣ ዐውቀው፣ አሽትተው፣ ሱቃቸውን ደጋግመው አስይዘው ገዝተውታል። እኔ ነኝ ሂሳቡን ያላወቅኩት።

የአህያ ጫኙ ልጅ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እኔንማ ስገባ መርቀውኛል» አለች። «ኪሳራዬ የምላት አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እግዜር እንደሷ ያለ ኪሳራ ይስጥሽ አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት። ፌርማታው ላይ ያለቀስኩት ልቅሶ ልቅሶ አልነበረም። እናቴ ደንግጣ ውኃ አስመጣችልኝ።

ሰው እየቀለለ ሲሄድ እትዬ ብርሃኔ መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ልጃቸው ታደለች የዘንድሮውን ፈተና አልፋለች። እትዬ ትርፌ የፊታችን ሰኞ ዋስ ሆነው ሊፈርሙላት ቀጠሮ ነበራቸው። ባለፈው ሳምንት እናትና ልጅን እኔ የምሠራበት በር ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን አላስጠሩኝም?» አልኳቸው።

«እኔማ የሺን እንጥራት ብያት ነበር። ትርፌ እንቢ አለች። እሷን እንዳትጠሪ፣ ደሞዟን ትነግርሻለች አለችኝ።» በለቅሶ መሐል ሳቅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ ተሸፍኜ አሳለፍኩት። እትዬ ብርሃኔ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ዋሷ ሞተችብን። ለልጄ ነገ ወፍጮ ቤት ሥራ እንዲሰጧት ልነግርላት ነው። ምን አደርጋለሁ?»

«ለማንም አይንገሩ። ሰኞ እኔ በደሞዜ ዋስ ሆኜ እፈርምላታለሁ» አልኳቸው።

እጄን ይዘው ሳሙት። ከዚያ እንደገና ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ። ያ ጫማ ከዓመቱ መጨረሻ የደረሰ ነው። ሶሉን ሊስትሮ ሁለቴ ሰፍቶታል፤ ነጭነቱም የጠመኔ ነው።

«ትርፌ ያለችው ግን እውነት ነው አይደል?» አሉኝ። «ቤት ውስጥ መቀየሪያ አላችሁ?»

«አዎ እትዬ ብርሃኔ» አልኳቸው። «መቀየሪያ አለን።» እግሬንም ቀስ አድርጌ ከቀሚሴ ሥር ሰበሰብኩት።